ጠያቂ ያጣው ሰርቨር

በዚያ ዓመት በልጉ አልመጣም። ክረምቱም ሁለት ጊዜ አጉረምርሞ ሄደ። ሐይቁ ከሸሸ ብዙ ዘመን ሆኖት ነበር፤ በዚያ ዓመት ግን ጉድጓዶቹም ተከተሉት። መጀመሪያ ፍየሎች አለቁ። ቀጥሎ አህዮች አለቁ። ከዚያ ንዳድ ገባና ሰው መሞት ጀመረ። ድንጋይ ሜዳ የሚባለው ሰፈር በውሃ ቦቴ ይኖር ነበር፤ ቦቴው ሲመጣ ሰው ይሰለፋል፣ ሲሄድ ጥላ ይፈልጋል። በዚያ ወቅት ከዚህ ሌላ የሚነገር ሥራ አልነበረም።

ቦቴው ሾፌር የለውም። የት እንደሚቆም የሚነግረው ማዕከሉ ነው። ማዕከሉ ቀኑን ሙሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ፣ እያንዳንዱን ሰፈር ይጠይቃል። «አላችሁ?» ይላል። የሰፈሩ ሰርቨር «አለን» ብሎ ይመልሳል፤ ማን ማን እንዳለም ይዘረዝራል። የመለሰ ሰፈር ውሃ፣ ዱቄትና መድኃኒት ያገኛል። ነገሩ ከተጀመረ አንድ ትውልድ አልፎታል፤ ማንም አይደነቅበትም። ልጆች እንኳ ከዚሁ ጨዋታ አውጥተዋል። አንዱ ዐይኑን ጨፍኖ በድንገት «አላችሁ?» ይላል፤ «አለሁ» ሳይል የዘገየ ከጨዋታው ይወጣል፣ እንደገናም አይገባም።

የድንጋይ ሜዳን ሰርቨር የሚጠብቀው ደምሰው የሚባል ሰው ነበር። ዝምተኛ፣ ቀጭን፣ ሚስት ያላገባ ሰው ነው። ከሰፈሩ ቤቶች ሁሉ ጣራው የማያፈሰው የእሱ ስለነበረ ሰርቨሩ ከጓዳው ተቀመጠ። ቁም ሳጥን የሚያህል ብረት ነው፤ አረንጓዴ መብራት ይጠቅሳል፣ ፋኑ ያለ ዕረፍት ያንጎራጉራል። ደምሰው አቧራውን ይጠርጋል፣ ባትሪውን ይለካል፣ ስክሪኑ ላይ የሆነ ነገር ይጽፋል። ምን እንደሚጽፍ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ውሃው ይመጣ ነበርና።

ደምሰው በንዳዱ ሞተ።

አስከሬኑ ከመደቡ ላይ ተጋድሞ ለቀስተኛው ሲሰበሰብ ከጓዳ ያ ድምፅ ይሰማ ነበር። ሐዘን ቤት ውስጥ ሬዲዮ አይከፈትም። ጎረቤት እንኳ ድምፁን ይቀንሳል። አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ «ይሄ ነገር እየዘፈነ ነው እኮ» አለች። ሌላዋም፣ «መብራቱስ፣ እንደ ሠርግ ቤት» አለች። ሰው ሁሉ የእድሩን ዳኛ አቶ አጥናፉን አየ። አቶ አጥናፉ ዕድሜ ጠገብ ሰው ናቸው፤ ጥቂት አሰቡና፣ «እስከ ሰልስቱ ዝም ይበል። ለሰውየው ከዚህ ያነሰ ምን ይደረግለታል?» አሉ።

የሟቹ እህት ይርገዱ ትባል ነበር፤ ባሏን ቀድማ የቀበረች፣ ጠጉሯ የሸበተ፣ እስከ አራተኛ ክፍል የተማረች ሴት። እሷ ራሷ ጓዳ ገብታ ገመዱን ነቀለች። ፋኑ ጥቂት ተሽከረከረና ቆመ። ጥቁር ጨርቅ አለበሰችው። ቤቱ ጸጥ ሲል ያቺ ሴት፣ «አሁን ገና ሐዘን መሰለ» አለች።

በሰልስቱ ማግስት ይርገዱ ጨርቁን አንስታ ገመዱን መልሳ ሰካችው። መብራቱ በራ። ሰዉ ወደየቤቱ ሄደ።

ቦቴው በቀኑ መጣ። ሰው ጀሪካኑን ይዞ ተሰለፈ። ቦቴው አልቆመም። ሮጠው ጎኑን ደበደቡት፤ ፊት ለፊቱ ቆሙበት። መንገድ ላይ ለተኛ ፍየል እንደሚያደርገው ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ዞራቸው፣ ወደ ታችኛው ሰፈር ወደ ሸምበቆ ወረደ። ይርገዱ ጓዳ ገብታ ስክሪኑን አየች። አንድ መስመር ብቻ ነበረበት።

«ድንጋይ ሜዳ፦ ሰው የሌለበት።»

ከእድሩ ድንኳን ሥር ተሰበሰቡ። የማዕከሉን ደንብ የሚያውቅ አንድ ጎልማሳ አስረዳ። ሦስት ቀን ያልመለሰ ሰፈር እንደተለቀቀ ይቆጠራል፤ የሰርቨሩ ቁልፍ ይሻራል፤ ሰርቨሩም የያዘውን ሁሉ ራሱ ያጠፋል። እንደገና ለመጀመር ባዶውን ብረት ከሥሩ ማቋቋም ነው።

«ሦስት ቀን ሙሉ ማን ይሞታል ብለው ነው እንዲህ ያለ ደንብ ያወጡት?» አሉ አቶ አጥናፉ።

«ሰፈሩ ነዋ» አለ ጎልማሳው።

ይርገዱን ማንም አልወቀሳትም። በአጠገቧ ሲያልፉ ግን ሰላምታቸው አጥሮ ነበር። ተነሥታ፣ «የነቀልኩት እኔ ነኝ፤ የምሰካውም እኔ ነኝ» አለች።

«መሰካት ብቻ ቢሆንማ ተሰክቷል» አሉ አቶ አጥናፉ።

«እንግዲያው እማራለሁ።»

የሳቀ አልነበረም። ለመሳቅ ምራቅ ያስፈልጋል።

የሸምበቆን ሰርቨር የሚጠብቀው ጉደታ ነው። ወፍራም፣ ጨዋታ የሚወድ፣ አንድ ሳንባው የታመመ ሰው ነው፤ ሲስቅ ያስለዋል። ይርገዱ ማለዳ ቁልቁለቱን ወርዳ በሩ ላይ ቆመች። ሸምበቆዎች ለድንጋይ ሜዳ ከራሳቸው ውሃ ለየቤቱ አንድ አንድ ጀሪካን እየሰጡ ስለነበር ባዶ ጀሪካኗንም ይዛ ነበር።

«እትዬ፣ ኪቦርድ ነክተው ያውቃሉ?» አላት።

«የደምሰውን አቧራ ስጠርግለት።»

«ጥሩ ነው። ግማሹ ሥራ እሱ ነው።»

ከማዕዘን አንድ አሮጌ ብረት ጎትቶ አቀረበላት። ለመለማመጃ ነው። ስክሪኑ ጥቁር ነው፤ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብቻ ብልጭ ድርግም ትላለች። ይርገዱ ብዙ ጊዜ አየቻት።

«ምን ፈልጋ ነው?»

«እርስዎን ነው የምትጠብቀው። ትእዛዝ ካልሰጧት እስከ ዕለተ ምጽዓት እንዲሁ ናት።»

መጀመሪያ ለብረቱ ስም መስጠት ተማረች፤ ከዚያ አድራሻ። ፊደሎቹ ከጣቷ ሥር ይሸሻሉ። አንዷን አግኝታ እስክትጫን ሌላዋን ትረሳለች። መስመሩን ጽፋ ስትጨርስ ብረቱ አይቀበላትም። እንደገና ትጽፋለች፤ እንደገና አይቀበላትም።

«ይሄ እንደ አማቴ ነው» አለች። «ምን እንዳስቀየምኩት አይናገርም።»

«ይናገራል፤ እርስዎ አያነቡለትም። የመጨረሻዋን መስመር ያንብቡ።»

አነበበች። አንዲት ነጥብ ጎድላ ነበር።

«በነጥብ?»

«በነጥብ። እርሱ እንደ ሰው አይደለም፤ ‹ምን ለማለት እንደፈለግሽ ገብቶኛል› አይልም።»

ይርገዱ በየማለዳው ወረደች። ስትመጣ ልቧ ጀሪካኑ ላይ ነው፤ ስትቀመጥ ሰረዟ ላይ። ጉደታ እንዲህ ሲል አስተማራት፦ ሰርቨር ማለት በሩ የበዛ ቤት ነው። ማዕከሉ የሚያንኳኳው አንዱን በር ብቻ ነው። እሱን ክፍት ማድረግ፣ ሌላውን መዝጋት ነው፤ አለበለዚያ የማይታወቅ ሁሉ ይገባል። ይርገዱ አደራ ተቀብላ እያንዳንዱን በር ዘጋች። ከዚያ ወዲያ ብረቱ ምንም ብትጽፍለት ዝም አለ። ጉደታ አየና እስኪያስለው ሳቀ።

«እርስዎ የሚገቡበትንም ዘጉት። ራስዎን ከቤትዎ አስወጡ።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ቤቱን አፍርሰን እንሠራለን። ይቀመጡ።»

ሌላ ቀን ስለ ምስክር አስተማራት። ሰርቨሩ «እኔ ድንጋይ ሜዳ ነኝ» ቢል ማን ያምነዋል? ማዕከሉ የሚያውቀው ምስክር ያስፈልገዋል። ምስክሩ ደግሞ ጊዜ አለው፤ ሳያልፍበት መታደስ አለበት። የያዘውን ሁሉ በሌላ ቦታ ቅጂ ማስቀመጥም አስተማራት። ማን መጥቶ እንዳንኳኳ ሰርቨሩ በየመስመሩ ስለሚመዘግብ ያን ማንበብ አስተማራት። «ጠዋት ጠዋት ከቁርስ በፊት ያዩታል» አላት።

«ቁርስ ካለ» አለች።

ሰው መሄድ ጀምሮ ነበር። አንድ ቤት ተዘጋ፤ ቀጥሎ ያለው ተከተለ። የሚሄዱት ወዴት እንደሆነ አይናገሩም፤ የሚቀሩትም አይጠይቁም። ከመንገዱ ማዶ ያሉ ሰፈሮች የማያውቁትን ሰው ሰርቨራቸው ላይ አይጽፉም፤ ቢጽፉም ማዕከሉ ከወዴት መጣ ይላል፤ ከድንጋይ ሜዳ ነው ቢሉት ድንጋይ ሜዳ ሰው የለበትም። የአቶ አጥናፉ ሚስት ወይዘሮ ደብሪቱ ተኝተው ነበር። ምላሳቸው ደርቆ መናገር ስላቃታቸው የሚፈልጉትን በእጃቸው ያሳያሉ። የሚፈልጉት ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው።

ይርገዱ የጉደታን እርዳታ ሳትጠይቅ የመለማመጃውን ብረት ከባዶ አቋቁማ ያስነሣችበት ቀን መጣ። ጉደታ አፍርሶ እንደገና አሠራት። አሁንም ሠራችው። «ይበቃል» አላት። «ደምሰው እንኳ ሲጀምር ከዚህ አይሻልም ነበር።»

ወደ ድንጋይ ሜዳ ወጥታ ከወንድሟ ጓዳ ተቀመጠች። ብረቱን አጸዳች፣ ስም ሰጠችው፣ አድራሻውን ጻፈች፣ የማዕከሉን በር ከፈተች፣ የራሷንም አልዘጋችም። ከዚያ የሰዉን ስም መጻፍ ጀመረች። ከላይኛው ጫፍ ተነሥታ ቤት ለቤት በሐሳቧ እየዞረች፣ አባወራውን፣ እማወራዋን፣ ልጆቹን እየጠራች አንድ በአንድ አገባቻቸው። የሄዱትን አለፈቻቸው። ደምሰው ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ፤ እሱንም አለፈችው። ስትጨርስ አስነሣችው።

ስክሪኑ ላይ ወጣ። «ድንጋይ ሜዳ። አለን።» ከሥሩም ስማቸው።

ሰው እየመጣ የራሱን ስም ፈለገ። አግኝቶ በጣቱ ነካ። አቶ አጥናፉ መነጽራቸውን አጥልቀው አነበቡና፣ «የአባቴን ስም በትክክል ጽፈሽዋል» አሉ። ለእሳቸው ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። ሽማግሌዎቹ መረቋት። በማግስቱ ከነጀሪካናቸው ወጥተው ተሰለፉ።

ቦቴው ፍጥነቱን ሳይቀንስ አለፈ።

ይርገዱ ጓዳ ገብታ ማን እንዳንኳኳ አነበበች። አንድ አንኳኪ ነበረ፤ ራሷ ናት፣ ስትሞክረው። በማግስቱም ጠዋት አነበበች። ከራሷ በቀር ማንም የለም። ጉደታን አስጠራችው። እያለከለከ ዳገቱን ወጥቶ ቁጭ አለ፤ እያንዳንዱን መስመር አየ፤ በሮቹን ፈተሸ፤ ምስክሩን ፈተሸ። ሲጨርስ እጁን ከኪቦርዱ አነሣ።

«ሰርቨሩ ደህና ነው። እኔም ከዚህ የተሻለ አልሠራም።»

«ታዲያ ለምን አይጠይቀንም?»

«ሰው የሌለበትን ሰፈር አይጠይቅም።»

«እንዲጠይቅ ምን ያስፈልገዋል?»

«ሰው መኖሩን ማወቅ።»

«ሰው መኖሩን በምን ያውቃል?»

«በመጠየቅ» አለ።

ይርገዱ ስክሪኑን አየች። «አለን» ይላል። ፋኑ ያንጎራጉራል። ሁሉ ነገር እንደተማረችው ነው።

ከአቶ አጥናፉ ጋር ከተማ ወረደች። ማዕከሉ አንድ መስኮት አለው፤ ከመስኮቱ ወዲያ ሰው የለም። በጨዋ አማርኛ የሚናገር ድምፅ ነው።

«እንኳን ደህና መጡ። የየት ነዋሪ ነዎት?»

«የድንጋይ ሜዳ» አሉ አቶ አጥናፉ።

«ድንጋይ ሜዳ ነዋሪ የለውም። እባክዎ ሌላ አድራሻ ይናገሩ።»

«ልጄ፣ እኔ ተወልጄ ያረጀሁበት ነው። ይህችም ጎረቤቴ ናት። ሰርቨር አቁመናል። አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቁን።»

«ድንጋይ ሜዳ ነዋሪ የለውም። ለተፈጠረው መጉላላት ይቅርታ እንጠይቃለን። እባክዎ ለሚቀጥለው ተገልጋይ ቦታ ይልቀቁ።»

ከኋላቸው ማንም አልነበረም። ቦታውን ለቀቁ።

ሲመለሱ መንገዱ በሸምበቆ መቃብር በኩል ያልፋል። አቶ አጥናፉ ደክሟቸው ከአንድ ድንጋይ ላይ አረፉ። ይርገዱም ቁጭ አለች። ይህን መቃብር ታውቀዋለች። ገና ልጅ እግር ሳለች የሳል በሽታ መጥቶ ሸምበቆን ፈጅቶት ነበር። መንገዱ ተዘጋ፣ እድራቸው ፈረሰ፣ አስከሬን በየቤቱ ቀረ። ያኔ ከድንጋይ ሜዳ ጥቂት ሰዎች አፍና አፍንጫቸውን ጠቅልለው አካፋ ይዘው ወረዱ። ደምሰው ቆፈረ። እሷ ሴቶቹን አጠበች። ከአንድ ቤት ስትገባ ሎሚ ዋቆ የሚባሉ ሴትዮ ከአልጋ ላይ ሞተው አገኘች፤ ከማዶው አልጋ ልጃቸው ወጣቱ ጉደታ መነሣት አቅቶት እያሳለ ያይ ነበር። እያየ እናቱን አጠበች፣ ገነዘች፣ አወጣች። ድኖ የመጣ ጊዜ፣ «ምን ልክፈላችሁ?» አለ። ደምሰው፣ «ቀባሪ አያሳጣህ» አለውና አካፋውን አነሣ። ከዚያ በኋላ ሦስቱ ይህን ያነሡበት ጊዜ የለም። ደምሰው ሲሞት ጉደታ በታመመ ሳንባው መጥቶ ቆፍሯል። አንድ መቃብር ነው። እነሱ የቆፈሩት ግን የሰፈር እኩሌታ ነበር፤ ሸምበቆም ያን አይረሳም፤ በየለቅሶው «የዕዳችን ሰዎች» እያለ ይጠራቸዋል።

በሚቀጥለው ሳምንት ሸምበቆዎች ከጀሪካኑ ግማሹን ብቻ ሞሉ። ወይዘሮ ደብሪቱ በእጃቸው ማሳየትም ተዉ።

ጉደታ ይርገዱን አስጠራት። ስትገባ በሩን በቀትር ዘጋ። ሳቁ የለም።

«የኛ ሰው ሰልችቶታል፤ አልዋሽዎትም። ውሃው እያነሰ ነው። ሽማግሌዎቻችንን ደጋግሜ ለምኛቸው ትናንት እሺ አሉኝ። ይቀመጡ።»

የሸምበቆን ሰርቨር ከፍቶ ስሞቹን አሳያት። አነበበች። የምታውቃቸው ስሞች ነበሩ። ያጠበቻቸው ሴቶች ናቸው።

«እነዚህ...»

«አልሰረዝናቸውም። ያኔ የቀረነው ጥቂት ነበርን፤ ቁጥሩ ካነሰ ሰፈሩ ይዘጋል ተባለ። ስለዚህ ሰርቨሩ ‹አሉ› ይላል። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ውሃቸውን እኛ እንጠጣለን። ለእናንተ ስንሰጥ የነበረው የነሱን ነው።»

ይርገዱ ስሞቹን እንደገና ከላይ ጀምራ አነበበች።

«ስም በአዲስ ድምፅ ሲታደስ ማዕከሉ አንድ ጊዜ ጠርቶ ይጠይቃል። የሚመልስ ጉሮሮ ካለ በቃ። ሰዎችዎን ይዘው ይውረዱ። ሴቱ የሴቱን፣ ወንዱ የወንዱን ስም ይይዛል። ውሃውም የእናንተ ይሆናል። እኛ ከዚህ በኋላ በራሳችን ድርሻ እንኖራለን።»

«የኔ ሰርቨርስ?»

«ይቆይ። ማንንም አይጎዳም።»

«ስማችንስ?»

ጉደታ እጆቹን አየ። «እሱን የማድንበትን መንገድ አላውቅም። ባውቅ ኖሮ አስተምርዎት ነበር።»

ድንጋይ ሜዳ በማግስቱ ወረደ። ወይዘሮ ደብሪቱን በቃሬዛ አመጧቸው። ከሰፈሩ የቀረው ሰው ከሸምበቆ ሙታን ያንስ ነበር፤ ለሁሉም ደረሰ። እየገቡ ከስክሪኑ ፊት ይቀመጣሉ። የማዕከሉ ድምፅ አንድ ስም ይጠራል፣ «አሉ?» ይላል። «አለሁ» ይላሉ። «እናመሰግናለን» ይላል። ሸምበቆዎች ከደጅ ቆመው የወንድሞቻቸው፣ የልጆቻቸው፣ የሚስቶቻቸው ስም ሲጠራና ሲመለስ ይሰማሉ። አንዲት ሴት ጆሮዋን ይዛ ወደ ቤቷ ገባች። ወይዘሮ ደብሪቱ ከንፈራቸውን በእርጥብ ጨርቅ ነክተውላቸው፣ ባላቸው ራሳቸውን ደግፈው ይዘዋቸው፣ በስንት ልመና አንዲት «አለሁ» አወጡ። ለአቶ አጥናፉ በሰባት ዓመቱ የሞተ ልጅ ስም ደረሳቸው። ወጥተው ይርገዱን አዩዋትና፣ «ታናሽሽ ሆንኩ። ከእንግዲህ ውሃ ብትልኪኝ እሄዳለሁ» አሉ። ከጎናቸው የነበረው ሰው ፈገግ አለ። እሳቸው ግን ፈገግ አላሉም።

ይርገዱ የመጨረሻዋ ነበረች። ጉደታ አንድ ስም አስቀርቶ ነበር። ስታነበው ከወንበሩ ተነሣች።

«ይሄን ለራስህ አስቀር።»

«ለምኔ?»

«እናትህ ናት።»

አንቱታውን ተወ። «ከእጄ ያወጣሻት አንቺ ነሽ። በዚያ ቀን ማንም ቤታችን አይገባም ነበር። ገባሽ። ስንት ዓመት ሙሉ ስሟን አየዋለሁ፤ አልሰርዘው፣ አልጠራው። ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። ጉደታ የሚጻፈውን ጻፈ። ነጥቧን አልረሳም። ከዚያ ወንበሩን አዙሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

«ሎሚ ዋቆ፣ አሉ?» አለ ድምፁ።

ይርገዱ የገዛ ስሟን በሆዷ አንድ ጊዜ ጠራችው። ድምፁ ጥቂት ይጠብቃል፤ ብዙ አይጠብቅም።

«አለሁ» አለች።

«እናመሰግናለን።»

ቦቴው በቀኑ ሸምበቆ መጥቶ ቆመ። ስም በስም እየጠራ ቀዳ። የድንጋይ ሜዳ ሰዎች የተሰጣቸው ስም ሲጠራ አንዳንዶቹ ዘገዩ፤ ሌሎች በክርናቸው ገፏቸው። ሎሚ ዋቆ ሲባል ይርገዱ ብድግ አለች፤ ጉደታ ግን ቀደማት። ጀሪካኗን ከእጇ ተቀብሎ ከቧንቧው ሥር ያዘላት፤ እስኪሞላ እያሳለ ቆመ፤ ሲሞላ ክዳኑን አጥብቆ በሁለት እጁ አምጥቶ ከፊቷ አስቀመጠው። የእናቱ ድርሻ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ የጠጣው እሱ ነው።

«ቀባሪ አያሳጣህ» አለችው።

ራሱን ዝቅ አድርጎ ምርቃቱን ተቀበለ፤ ከዚያም ወደ ሰልፉ ተመልሶ የራሱን ተራ ያዘ። ከዚያ በኋላ ሸምበቆ የድንጋይ ሜዳን ሰዎች «የዕዳችን ሰዎች» ብሎ አልጠራቸውም።